ማንኪያውን የጠበቀች ልጅ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ልጅቷ፣ የሰባት ዓመት፣ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ። እናቷ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ገና የገባች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ። የእናትየው አክስት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ። እኔ፣ የእጅ መስታወትና በፈላ ውሃ የታጠበ ማንኪያ ይዤ።

በጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ንግግር ማረም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አንዲት የውጭ አገር ነርስ ትታው ከሄደችው መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ የለቀምኩት ነው። ልጅቷ «ከ»ን «ተ» ትል ነበር። ትምህርት ቤቱ ንግግሯ ሳይስተካከል አንመዘግብም ብሎ አንድ ዓመት መልሷታል። ለአዲሱ ምዝገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

መጽሐፉ የምላስን ጫፍ ወደ ታች ያዝ፣ ጀርባው ራሱ ተነሥቶ ላንቃን ይነካል ይላል። በማንኪያው እጀታ ያዝኩላት። «ከ» አለች። እናትየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ ስድሳ ዓመት አጥርቼ ተናግሬ ማን ሰማኝ፣ አንተ ዶክተር?» አሉኝ አክስትየው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ሃያ «ከ»፣ ሃያ «ኩ»፣ ሃያ «ኮ»፣ ሁሉም ከማንኪያው ጋር። እሷ ትሰለቻለች፤ እኔም አንዳንዴ መስታወቱን እንደያዝኩ እንቅልፍ ያዳፋኛል። ድምፁ ጥሩ ስለነበር ማንኪያውን መተው ትዝ አላለኝም።

በምዝገባው ቀን መምህሩ ሰፈሯን ጠየቃት። አፏን ከፍታ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ትጠብቃለች?» አለ መምህሩ።

«ማንኪያውን» አለች እናትየው ቀስ ብላ።

በመጨረሻ ልጅቷ «ቶልፌ» አለች። ለከርሞ ተባለ።

ከትምህርት ቤቱ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ አብረን በእግር ሄድን። እዚያ ስንደርስ እናትየው ነገም እመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሄድኩ። እንደገና ጀመርን፤ መጀመሪያ ምላሷን በራሷ ጣት ትይዛለች፣ ቀጥሎ ጣቷ አገጯን ብቻ ይነካል፣ ቀጥሎ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። ወራት ፈጀብን። የመጨረሻውን ደረጃ ሳንጨርስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ።

ተመዘገበች የሚል ደብዳቤ ከእናቷ ደርሶኛል። እንዴት እንደተናገረች ግን አልጻፈችልኝም። በተመዘገበችበት ቀን ከመዝጋቢው ጠረጴዛ አጠገብ የነበራችሁ፣ ሰፈሯን ስትጠየቅ እጇ የት እንደነበር ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ጨምሩበት።