በእግሯ ወጥታ የምትወርድ ምራት

ማኬናን ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ያየኋት ተንበርክካ ነው። ተራራ ላይ ባለ የበረዶ መንሸራተቻ ቤት አብረን እንሠራለን። እሷ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ለእንግዳ ጫማ ታለብሳለች፤ እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል የበረዶ ቦርዶችን ሰም እቀባለሁ፣ የብረት ጠርዛቸውን እሞርዳለሁ። በመካከላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምትናገረውን እሰማለሁ። የምትናገረውም አንድ ነገር ነው፤ «ይቆነጥጥዎታል?»

እንግዶቹ ከጆሃንስበርግና ከብሉምፎንቴን የማሉቲ ተራሮችን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተው፣ ግማሾቹ አስመልሷቸው፣ እንደገቡ እግራቸውን ይዘረጉላታል። ጫማው ከቆነጠጠ አንድ ቁጥር ጨምሪ ማለት የቤታችን ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ቁጥር ሲጨመርለት እንግዳው ዝም ይላል፣ ሰልፉም ይሄዳል። ወጥቶ ሲወድቅ ደግሞ ራሱን እንጂ እኛን አይወቅስም። ሐምሌ ሲገባ ማኬና አግዳሚውን ሳትይዝ መነሣት ያቅታታል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። «ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ» ትላለች፤ ስትስቅ አይቻት ግን አላውቅም።

ባሏ ሩስተንበርግ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ለገና ይመጣል፣ ሳይጠገብ ይመለሳል። እሷ የምትኖረው በባሏ አባት ግቢ ነው። የባሏ አባት ንታቴ ሌህሎዋ፣ ንታቴ እኛ ዘንድ አባባ ማለት ነው፣ እዚሁ ተራራ ላይ ነው የሚሠሩት። እንግዳውን ሽቅብ በሚጎትተው ገመድ ሥር ቆመው፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣውን ዘንግ እየያዙ ለየሰዉ ያቀብላሉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በስብሰባ ላይ እንኳ ሦስት ቃል ተናግረው አያውቁም። ስማቸው በእኛ ቋንቋ በረዶ ማለት ነው፣ ምራት ደግሞ የባሏን አባት ስም አትጠራም። እንግዲህ እንጀራዋ በረዶ ላይ የሆነ ሴት በረዶን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ነጩ ዛሬ ደርቋል» ትለኛለች ጠዋት ስትገባ፤ ለምደነዋል።

ፊታቸው ስትቀርብ ራሷን ትከናነባለች፣ በሱሪዋ ላይ ብርድ ልብሷን አሸርጣ በትልቅ መርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። አድርጊ ያላት የለም፤ እናቶቻችንም እንዲሁ አድርገው ነው የኖሩት።

ቦርድ ላይ መውጣት የጀመረችው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲቀንስ፣ የተመለሰውን ዕቃ ይዘን ግማሽ ሰዓት እንድንሞክር ይፈቀድልናል። ወንዶቹ ሁሉ በዘንጉ ይወጣሉ። ዘንጉ ግን በሁለት ጭን መካከል የሚገባ ነገር ነው። ምራት ከባሏ አባት እጅ ተቀብላ፣ እፊታቸው ቆማ፣ እግሯን ከፍታ ልታስገባው? እኛ ዘንድ ማሰቡም ያሳፍራል። ስለዚህ ማኬና ቦርዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የሸርተቴውን ዳር ይዛ በእግሯ ትወጣለች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። የምትወርደው በሁለት ደቂቃ ነው፣ ያውም እየወደቀች። ወንዶቹ እናት ብለው እየጠሩ «እሜ ማኬና፣ አንቺ የምትንሸራተቺው ሽቅብ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ቦርዷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዙራ ትቀጥላለች።

የምትይዘው ቦርድ የወንድ ነው፤ ሰፊና ድርቅ ያለ። ጫማዋ የወንድ አርባ ሁለት፣ ውስጡ ሦስት ካልሲ። ተረከዟ ላይ ተደግፋ ስትዞር ይሆንላታል፤ ወደ ጣቶቿ ስትዞር ግን ተረከዟ ጫማው ውስጥ ይነሣና ቦርዱ አይታዘዛትም። እሷ ዕድሜዬ ነው አለች። እኔም የዕቃው ባለሙያ ተብዬው ዕድሜዋ ነው ብዬ አመንኳት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ እንግዳ በሳሳበት ሳምንት፣ አኔሊን የምትባል ሴት ከብሉምፎንቴን መጣች። ስድሳ ዓመት ይሆናታል። የራሷን ቦርድና ጫማ ነው ይዛ የመጣችው፤ የጫማ ክር ተበጥሶባት ነበር። ማኬና ተንበርክካ ክሩን ስታስገባላት ሴትዮዋ ቁልቁል እያየቻት፣ ትናንት ቦርድ ተሸክማ ስትወጣ ያየኋት ሴት አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ጫማሽን አሳዪኝ አለች። ማኬና እያፈረች አመጣችው። ሴትዮዋ እጇን እስከ ክንዷ ከተተችና ሦስቱን ካልሲ አንድ በአንድ አወጣች።

«ይሄ ጫማ ሳይሆን ባልዲ ነው» አለች። «ስትቆሚ ጣትሽ ጫፉን መንካት አለበት። ጉልበትሽን ስታጥፊ ይለቅሻል። ካልነካ ጫማው ያንቺ አይደለም።»

የሴት ባት ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ጫማው ከላይ ሰፋ ማለት እንዳለበት፣ ለትንሽ እግር ቦርዱም ጠበብ ያለ መሆን እንዳለበት ነግራት ሄደች። ማኬና መጋረጃውን ገልጣ ገባችና እንደ ልማዷ መቀመጡን ትታ ቆመች። «ንታቴ ሴኮቤ፣ ዘጠኝ ዓመት ያን ሁሉ ሴት ባልዲ አልብሼ ነው የሰደድኩት» አለችኝ። ያለበስሻቸውስ ሕግ ስለሆነ ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት፤ የሚያጽናና አልመስል አለኝ።

በማግሥቱ ሴትዮዋ ስትወርድ ማኬና ቆማ አየቻት። አዳራሻችን ግድግዳ ላይ አየር ውስጥ የተገለበጠች የፈረንጅ ልጅ ትልቅ ፎቶ አለ፤ ሴቶችን ያነሣሣል ተብሎ ነው የተለጠፈው። ማኬና ዘጠኝ ዓመት ሥሩ ተቀምጣ ምንም እንዳልተሰማት ያን ቀን ነው የነገረችኝ። «አየር ላይ ላለ ሰው ምን ይባላል? ይቺ ግን መሬት ላይ ናት። ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ እየተነጫነጨች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ይሄንንማ እችላለሁ አልኩ።»

ለመለዋወጫ ብዬ ካከማቸሁት ስብርባሪ ውስጥ አንድ የሴት ቦርድ አገኘን። አበባው ደብዝዟል፣ ጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ተላቅቋል። በሙጫና በመቆንጠጫ ሳስተካክለው ሦስት የምሳ ሰዓት በላብኝ። ከልጆች መደርደሪያ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ አወጣች፤ በአንድ ስስ ካልሲ ለበሰችው፣ አጠበቀችው፣ ተነሣች። ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። ጣቴ ነካ፣ አለች በመጨረሻ። እስከ ሐምሌ አጋማሽ በእግሯ እየወጣች በእሱ ወረደች፤ ወደ ጣቷም ስትዞር ቦርዱ ይታዘዛት ጀመር።

ያኔ ነው ሥራ አስኪያጁ ከእኛ ሠራተኞች ሁለት አስተማሪ እንደሚቀጠር የተናገረው። ሴት እንግዶች ሴት አስተማሪ እየጠየቁ አስቸግረውታል። ፈተናው አንድ ሐሙስ ነው፤ የወደቀ አይደገምለትም፣ በሚቀጥለው ዓመት አስተማሪ ከውጭ ይመጣል። ማኬና ስሟን አጻፈች። ለምን እንደሆነ በግልጽ ነገረችኝ፦ «ከሰው እግር ሥር መነሣት ነው የምፈልገው። አንድ ክረምት ከጨመርኩ መነሣቱም ይቀራል።»

ፈታኙ ቬርነር የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ሦስቱን ተፈታኞች አሰለፈ፤ ሁለቱ ወጣት ወንዶች ናቸው። ዘንግ ላይ አወጣጥን ማስተማር የአስተማሪ የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ሁላችሁም በዘንግ ትወጣላችሁ አለ። ከዚያ ያሸረጠችውን ብርድ ልብስ አየ። ዘንጉ ይይዘውና ይጎትትሻል፣ በዚህ ልትወጪ አትችይም አላት። እውነቱን ነው።

«በእግሬ ልውጣ» አለችው።

«ተማሪዎችሽንም በእግር ልታወጪያቸው ነው?»

እያሾፈ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ወንዶቹ ተራ በተራ ዘንግ ይዘው ሄዱ። እኔ የሰሙን ካውያ እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ ነበር። ንታቴ ሌህሎዋ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ዘንግ ዘንጉን ብቻ ያያሉ። እሷም እሳቸውን አታይም። ቬርነር ሰዓቱን አየ።

ማኬና ወደ እኔ መጣች። መርፌ ቁልፉን ነቀለች፣ ብርድ ልብሱን አራት አጥፋ እጄ ላይ አኖረችው። «ያዙልኝ ንታቴ ሴኮቤ» አለች። «ዛሬ ማታ የባሌ አባት የፓፓውን ገንፎ ከእጄ ካልተቀበሉኝ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

አንድ እግሯን ከቦርዱ ጋር አስራ በሌላው እየገፋች ሄደች። በሱሪ ብቻ። አሥር እርምጃ ሲቀራት ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ገመዱ ቆመ። መንገድ ላይ የነበሩት እንግዶች ባሉበት ቀርተው ከላይ መጮህ ጀመሩ። በቃ፣ ፊት ነሷት አልኩ። ሰውየውን አሥራ ሦስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ካውያዬን ወርውሬ ልሰድባቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እሳቸው ግን ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጧት፣ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ ዳስ አደረጉ፤ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ዘንጉን ዘረጉላት። እስክትቀበል፣ እስክታስገባ፣ እስክትደላደል አልተንቀሳቀሱም። እንግዳው ይጮሃል፤ እሳቸው አይሰሙም። «ጨረስኩ» ስትል ሰማሁ። ዞር ሳይሉ ቁልፉን ዳብሰው አስነሡት፤ ወጣች።

አወራረዷ ያምር ነበር ብዬ አልዋሽም። ወደ ጣቷ ስትዞር አንዴ ተንገዳገደች፣ ቦርዱ ያዘላት፣ አልወደቀችም። ቬርነር ጻፈ። ከወንዶቹ አንዱና እሷ አለፉ። ማታ ፓፓውንና ጎመኑን ስታቀርብ ሽማግሌው ተቀብለው በሉ፤ የተናገሩት ጨው አንሶታል ብለው ብቻ ነው። ይህን ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቿን ይዛ ስትሄድ ዘንግ የሚያቀብለው ሌላ ሰው ነው። ንታቴ ሌህሎዋ ማልደው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው ማሽኑ ሰልችቶኛል ብለዋል። መኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ መደቧቸው። ማሞቂያ ያለው ዳስ ትተው፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ከተራራው አፋፍ የሚመጣ ነፋስ እየገረፋቸው፣ በቀይ ዱላ መኪና ያስቆማሉ። ማንም ሰው ምራቱ ዘንግ ልትቀበል በመጣች ቁጥር በቀን መቶ ጊዜ ጀርባውን ሲያዞር አይውልም፤ ያንን አስበውታል።

ማኬና በዚያ ሳምንት ሥራዋን እየሠራች ፊቷ ጠወለገ። እኔ ቀና ልል ሽማግሌውን ነፋስ ላይ አቆምኳቸው፤ ወደ ጫማው ልመለስ ነው አለችኝ። ሂጂና ራሳቸውን ጠይቂ አልኳት። ምራት እንዲህ ያለ ነገር በራሷ አፍ አታነሣምና እሁድ ምሳ ሰዓት አብሬያት ወረድኩ። ብርድ ልብሷን አሸርጣ፣ ምግቡን ይዛ፣ ከኋላዬ ሆነች። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሲጨርሱ፣ ምራትዎ ሥራዋን ልትተው ነው ንታቴ፣ በእርስዎ ምክንያት፣ አልኳቸው።

ጣታቸውን ጠራረጉ። እሷን አላዩም፤ የተናገሩት ለእኔ ነው።

«ንገራት። እዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ያየሁት የሰው ጀርባ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ጀርባ። ከዚህ ቁልቁለቱ ሙሉውን ይታያል። ሩቅ ስለሆነ ሱሪ ይሁን ቀሚስ አይለይም። እሷ ግን ትለያለች።»

በምን ትለያለች አልኳቸው።

«ቀስ ብላ ነው የምትወርደው፤ ከሁሉ ቀስ ብላ። በመጣች ቁጥር ይችን ዱላ አነሣለሁ፤ እሷ አታየኝም እንጂ።»

መኪና መጣ፤ ተነሥተው ሄዱ። ማኬና ሳህኑን አንሥታ፣ ቀና ብላ ቁልቁለቱን እያየች እዚያው ቆመች፣ እኔም ቆሜ ጠበቅኋት።