የጋሽ ሳህሌ ትርፍ ላይፍ ጃኬት

ጋሽ ሳህሌን ያወቅኳቸው ሲያትል ሬኒየር ቫሊ ያለው ቤተክርስቲያናችን በር ላይ ነው። እኔ ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው፣ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እሳቸው ሶዶ የሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ዴ ሞይን ማሪናው፣ የጀልባ ማቆሚያው ላይ አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ አለቻቸው። መዋኘት የተማሩት በአምሳ ዓመታቸው ነው፤ ሸራውንም ዩቲዩብ እያዩ ነው የለመዱት።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በሩ ላይ ይቆሙና ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጋብዛሉ። «ረቡዕ ወደ አንዲት ደሴት እሄዳለሁ፣ ማን ይመጣል?» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ኖኅ ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል።

«ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ሲያትል መቼ አቆመና!» ይላሉ እሳቸውም። ከዛ ብቻቸውን ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ «ሺፍት አለብኝ ጋሼ፣ በሚቀጥለው» ስል ነው የኖርኩት። ኦፍ በሆንኩበት ቀን እንኳን።

በፈረንጆች 2013፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ማክሰኞ ቀን የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ ማንአልሞሽ ኮል አደረጉልኝ።

«ይርጉ፣ የሳህሌ እህት እናኑ አርፋለች። ትላንት ከአገር ቤት ደወሉልኝ።»

እናኑ ለጋሽ ሳህሌ እህት ብቻ አይደለችም፣ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። በየሳምንቱ የሚደውሉላትም ሰው እሷው ብቻ ናት።

«ነገሯቸው?» አልኩ።

«ብቻዬን ነው የምነግረው? መርዶ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እሑድ ንጋት ላይ ተሰብስበን እናረዳዋለን። እሱ ግን ነገ በዛች ጀልባው ሊሄድ ነው። ሶ፣ አንተ አብረኸው ሂድ፣ ቅዳሜ ይዘኸው ና። ትንፍሽ እንዳትል! ስልኩንም ጠብቅ፣ ማንም ደውሎ እንዳይነግረው።»

ለጋሽ ሳህሌ ደወልኩና «ነገ ልምጣ?» አልኳቸው። «ማን፣ አንተ?» አሉ። ከዛ «ሹራብ ያዝ፣ ይበርዳል» አሉኝ። ድምፃቸው ሌላ ሆኖብኝ ነበር።

ማሪናው ላይ ስደርስ አንድ ላይፍ ጃኬት፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ሰጡኝ። ከፕላስቲኩ አልወጣም፣ የዋጋው ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው።

«ሦስት ዓመት ሰው ስትጠብቅ ነበር» አሉ።

ካያክም፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቀጭን መቅዘፊያ ጀልባ፣ ሁለት ነበራቸው፣ አንዱ ውኃ ነክቶት አያውቅም። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ደሴቷ ጋ ደረስን። ስሟን አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። ሲግናል የለም፣ ስልክ ከመጠበቅ ተገላገልኩ። ባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ባለበት፣ ንፋስ በማያገኘው ቦታ መልህቁን ቀስ አድርገው ለቀቁት። ሞተሩን ወደ ኋላ አስኬዱና ገመዱ ሲወጠር አጠፉት።

«መልህቁ መያዙን በምን ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ።»

«ዳር ላይ ሁለት ዛፍ ምረጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ያለ። ከተለያዩ ጀልባዋ እየተንሸራተተች ነው። ካልተለያዩ ተኛ።» ገመዱን ዳሰስ አድርገው «እኔ ብቻዬን ስሆን አልተኛም። የሚቀሰቅሰኝ የለማ» አሉ።

ጾም ስለሆነ በሶ በጠበጡልን። «ሸርጣን በሞላበት ባሕር እኛ በሶ!» ብለው ሳቁ። ያን ቀን ብዙ ሳቁ። በሳቁ ቁጥር እኔ ዛፎቹን አያለሁ።

በነጋታው ከመመለሳችን በፊት በካያክ ወደ ዋሻዎቹ ወሰዱኝ። ባሕሩ ገደሉን በልቶ ነው የሠራቸው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ የውኃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«እዚህ ስመጣ ‹ሳህሌ!› እላለሁ፣ ዋሻውም ‹ሳህሌ!› ይለኛል። ከእሱ ሌላ ስሜን የሚጠራኝ የማላገኝበት ሳምንት አለ» አሉኝ፣ ቀልድ አስመስለው። «በል አንተ የምትወደውን ሰው ጥራ።»

አልቻልኩም።

«አይ አንተ! እንግዲያው እኔ ልጥራ። እናኑ!»

ዋሻው እናኑ፣ እናኑ አለ።

ራሴን መግዛት አቃተኝ። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ቀና ስል ትኩር ብለው ያዩኛል።

«እናኑ ናት?»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«እሑድ ነበር ልታረዱኝ?»

ዓይኔን ወደ ውኃው መለስኩ።

«አንተም… ለዚህ ነው የመጣኸው?»

ከሁሉም ይቺኛዋ ጥያቄ ከበደችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላቸው። የዋሻውን ግድግዳ በእጃቸው ይዘው አለቀሱ፣ ዋሻውም አብሮ አለቀሰ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ግን እያንዳንዳችን በየካያካችን ነን፣ ሰው ማቀፍ አይቻልም። ከዛ «ውኃው ሳይጎድል እንውጣ» አሉ።

ቅዳሜ ወደ ዴ ሞይን ተቃረብን። ማሪናው ሲታይ «ማንአልሞሽ እንዳትቆጣህ። እሑድ እንዳልሰማ እሆናለሁ» አሉኝ።

እሑድ ንጋት ላይ ሃያ ሰው ሆነን በራቸውን አንኳኳን። ሲነገራቸው እንደ አዲስ ወደቁ። ማስመሰል አልነበረም። ሦስት ቀን ቤቱ ሞላ፣ ሁሉም «አለንልህ» አለ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሺፍቱ ሄደ።

ከዛ ወዲህ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው መጋበዝ ተዉ። በዓመቱ ደፍሬ ደወልኩና «ጋሼ፣ ረቡዕ ልምጣ?» አልኳቸው።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም! እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ?» አሉ። ሁለቴ ጠየቁኝ።

ሄድን። አሁንም ኦፍ ስሆን እሄዳለሁ፣ ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ሥራም አለብኝ። ይህን ስጽፍ ፈቅደውልኛል፤ እትዬ ማንአልሞሽ ካነበቡት እንግዲህ ይቆጡኝ። እናንተን ግን እለምናችኋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዴ ሞይን ማሪና ጎራ በሉ። መጨረሻው ላይ ያለችው ሰማያዊ ጀልባ ናት። ላይፍ ጃኬቷ ለማንም ትሆናለች፣ የዋጋዋን ወረቀት እኔ ቆርጬዋለሁ። የደሴቷንም ስም ለመጣ ሰው ይነግራሉ። እባካችሁ፣ ሰው ሳይሞት ሂዱላቸው።