የእትብቷ ላም

ነገሌ ቦረና የዜሮ ክፍል መምህር ሆኜ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ልጅ የሚሰጠው ስሙ መዝገቤ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ወላጆችን ሰብስቤ ሁለት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ።

በድርቁ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ዱላ የያዘ ሰው የግቢው በር ላይ ቆመ። በተሰባበረ አማርኛ፣ ከፊልቱ በኩል በጭነት መኪና እንደመጣ፣ መኪናው ብዙ ሳይቆይ እንደሚመለስ፣ ልጁን አይቶ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የጠራት ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት እንድትጀምር ተብሎ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፤ መዝገቤ ላይ ያለችውም አክስቷ ብቻ ናት።

ማሰልጠኛ ሳለሁ፣ ትንሽ ልጅ አባቱን ካየ ይሮጣል ተብዬ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ልጅቷን አመጣኋትና ጠበቅሁ።

አልሮጠችም። እጄን ጨብጣ ቆመች። እሱም እጁን አልዘረጋላትም። በሩ ላይ እንዳለ "ናጋ?" አላት፣ ሰላም ነሽ ማለቱ ነው፤ "ናጋ" አለች በቀስታ። ጥርጣሬዬ ባሰ።

"አባቷ ከሆኑ አንቱን ስታይ ለምን አትመጣም?" አልኩት።

ዘበኛችን ከወንበሩ ሆኖ፣ "መምህር፣ ልጅ ናት እንጂ በፊርማ የምትወጣ ደብዳቤ ናት እንዴ?" አለኝ።

ከመንገዱ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ሰውዬው ፊቱን ሊያዞር ሲል ልጅቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ዘበኛው ከዚህ ጀምሮ የተባባሉትን ተረጎመልኝ፦

"ላሜስ?"

እዚያ አገር አባት ለሚወለድለት ልጅ አድጋ የልጁ ላም የምትሆን ጥጃ ይሰጣል፤ ሀንዱራ ይባላል፣ የእትብት ስጦታ ማለት ነው። ይህንንም ያስረዳኝ ዘበኛው ነው። በዚያን ቀን እኔ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም።



"ሞተች" አላት አባቷ። "የወለደቻት ጥጃ አለች። እስከ ውሃ ጉድጓዱ በትከሻዬ ተሸክሜ አጠጣኋት።"

"ትቆማለች?"

"ትወድቃለች። ደግሞ ትቆማለች።"

ልጅቷ እጄን ለቀቀች። እየተራመደች ሄዳ ዱላውን ከእጁ በታች ያዘች። አባቷ ቁልቁል ሳያያት፣ እንድትይዘው ዱላውን ዝቅ አደረገላት።

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ዘበኛውን፣ ሹፌሩን ለምነህ አስቆይልኝ ብዬ ላክሁት። እሱ እስኪመለስ በሩን እኔ ጠበቅሁ፤ ወለል አድርጌ ከፍቼ።