የዓሣዋ ራስ

ዳንግላ እስር ቤት የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ነበር። በሩ ሥር አጎንብሰው በአጋም እሾህ ድንጋይ ይፍቃሉ። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ብርሃኑን አትጋርደኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

የባንጃ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው መሬቴን ለግብር አላስለካም ብለው፣ እኔ ደግሞ ገበሬዎቹ እውነታቸውን ነው ብዬ ነው የታሰርነው። ድንጋዩን ያገኙት የእስር ቤቱን አጥር ሲክቡ ነው፤ ሲሰነጠቅ ከውስጡ የዓሣ ጅራት ብቅ አለ። ጣት የምታህል ዓሣ ናት። የሳይንስ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ ጥንት የሐይቅ ጭቃ ቀብሯት አብራው ድንጋይ እንደሆነች ነገርኳቸው።

«ታዲያ ራስ ይኖራታል?»

«ሊኖራት ይችላል። ከቸኮሉ ግን ይሰበራል።»

ከዚያ በኋላ ሥራችን እሷ ሆነች። እኔ ድንጋዩን በውኃ አርሳለሁ፤ እሳቸው አጥንቷን ሳይነኩ ዙሪያዋን ይፍቃሉ። አንዲት የጎድን አጥንት በወጣች ቁጥር የክፍሉ ሰው ተራ ገብቶ ያያል። ሁዳዴ ነበርና፣ «ኧረ ቀስ፣ ሽታዋ እንዳያስገድፈን!» እያሉ ይቀልዱብናል። እኛም እንስቃለን።

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ገባ።

«አባ፣ አጥፍቻለሁ ብለው ጣትዎን ያሳርፉና ዛሬ ቤትዎ ይደሩ።»

የድንች መትከያ ደርሷል፤ ባዝራቸው ልትወልድ ነው፤ በእንቅልፋቸው እንኳ በአገውኛ ያባብሏታል። ምነው በፈረሙ አልኩ በሆዴ። እኔ ብሆን እፈርም ነበር።

እሳቸው የዓሣዋ ዓይን ጋ ደርሰው ነበር። እሾሁን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሡ፣

«እጄ ሥራ ይዟል» አሉ።

አዛዡ ወረቀቱንና ቀለሙን ይዞ ወጣ። እሳቸው መፋቃቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እሾሁን በእጄ አስጨብጠውኝ፣ «አደራ፣ እንዳትቸኩል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ሰውም ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ ስፈታም የዓሣዋ ራስ ገና በሙሉ አልወጣም። ይዣት መውጣት እችል ነበር፤ እዚያው ለቀሩት ከነእሾሁ አስረክቤያት ወጣሁ። ጨርሰዋት እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ከኮሶበር ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አውቶቡሱ ዳንግላ ላይ ይቆማል፤ ሰው ለምሳ ሲወርድ እኔ ከመቀመጫዬ አልነሣም። እስር ቤት ይናፍቃል ብል ማን ያምነኛል? ይናፍቀኛል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ አንዲት ቅንጣት አጥንት የሚጠብቅበት ቤት ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።