ቆርቆሮ የማይወዱት ጋሼ ሷሊሕ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሶላር የምትገጥም ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስሜ ዓለምፀሐይ ነው። ደንበኛ ሁሉ «ስምሽን አይተሽ ነው እንዴ ሥራውን የመረጥሽው?» እያለ ይቀልዳል፤ እኔም ሁልጊዜ እንደ አዲስ እስቃለሁ፤ ገበያ ነዋ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አውቄያለሁ። እንደ ጋሼ ሷሊሕ ያበሸቀኝ ግን የለም።

ጋሼ ሷሊሕ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰዉ በደፈናው «አምባው» በሚለው የድሮ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ የድንጋይ ካብ ናቸው። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ በላዩ ጭራሮ፣ ከጭራሮው በላይ የተጠቀጠቀ አፈር። አፈሩ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ካልታደሰ ያፈሳል። ጋሼ ሷሊሕ ደግሞ በዚህ ሙያ የሚስተካከላቸው የለም። ቀን ታች ወርደው የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ ማታ ሲመለሱ ጣሪያው ያፈሰሰበት ጎረቤት ደጃቸው ላይ ይጠብቃቸዋል። በአምባው ላይ ያልረገጡት ጣሪያ ያለ አይመስለኝም። ልጅ አልወለዱም። ከባለቤታቸው ከእትዬ ራሕማ ጋር ብቻቸውን ናቸው፤ ቤታቸውን እንደ ልጅ ነው የሚያዩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባህል ቢሮ ሰዎች መጥተው መንደሩን ቅርስ ብለው መዘገቡት። ጋሼ ሷሊሕ ደስ ብሏቸው አላበቁም፤ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ደንብ አስወጡ። በአምባው ጣሪያ ላይ ቆርቆሮም ሆነ ሌላ የሚያብረቀርቅ ነገር አይወጣም ተባለ። ደንቡ መጀመሪያ ያረፈው በገዛ ወንድማቸው ልጅ በያሕያ ላይ ነበር። ያሕያ ለአባቱ ቤት ሶላር አዞኝ ጭኜ ስደርስ ጋሼ ሷሊሕ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ተመለሺ» አሉኝ።

ተመለስኩ። ያን ቀን ቁልቁለቱን ስወርድ የረገምኳቸውን እግዜር ይቁጠረው። ያሕያም ተናዶ ከአምባው ሥር፣ ሜዳው ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ወጣ፤ ሶላሩንም እዚያ ሰቀልኩለት። ከዚያ ወዲህ አጎትና የወንድም ልጅ መስጊድ ጎን ለጎን ይሰግዳሉ እንጂ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

እትዬ ራሕማ ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ የእኛ ቆላ ደግሞ ሙቀት አያጣም። መብራት ወደ አምባው አልወጣም። ስለዚህ ጋሼ ሷሊሕ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላው ገንቦ ውስጥ፣ የቤቱ ጥግ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ነርሷ ፍሪጅ ስትላቸው «ቤቴ ራሱ ፍሪጅ ነው» ይሏታል። እውነትም ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ራሴ አንዴ ገብቼ ለመውጣት ለግሜያለሁ። ለዓመታት ሠራላቸው። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ግን ሙቀቱ ለድንጋዩም አልመለስ አለ። መድኃኒቱ ተበላሸ። እትዬ ራሕማ መርፌያቸውን ሳያቋርጡ ስኳራቸው ከልክ አለፈ፤ ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ ወረዱ።

ከሆስፒታል በወጡ ማግስት ጋሼ ሷሊሕ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ያ ሁሉ ኩራት የለም።

«ቤቴ ከዳኝ» አሉ። «ፍሪጅ የሚያሠራ ሶላር አምጪልኝ። ጣሪያዬ ላይ ስቀዪው።»

ወጣን። እንዲህ ያለ ጣሪያ ላይ የፓኔሉ ብረት ተቀምጦ በድንጋይ ይጫናል እንጂ አፈሩ አይበሳም፤ ከተበሳ ውኃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ድንጋዮቹን መርጠው ደርድረው ጠበቁኝ። ፓኔሉን በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሳቸው ይዘን አነሣነው። ታች ሜዳው ላይ የያሕያ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ጋሼ ሷሊሕ አዩትና ቆሙ።

«ይውረድ» አሉ።

«ምኑ?»

«ይሄ ነገር ይውረድ። ያንን ልጅ በዚሁ ነው ከአባቱ ቤት ያስወጣሁት። ለራሴ ሲሆን ልፈቅድ ነው?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ግቢው ላይ እንዳላደርገው ጠባብ ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ ያጠላበታል፤ ፍየሎቹም አሉ። «ታዲያ እትዬ ራሕማ ይሙቱ?» አልኩ ጮክ ብዬ። እሳቸውም ከታች ቤት ውስጥ ሆነው ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

ጋሼ ሷሊሕ በእጃቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። «እዚያ ፀሐይ ሞልቷል። ወርጄ እለምነዋለሁ።»

«ሽማግሌ ቢልኩ አይሻልም?»

«ያባረርኩት እኔ፤ ሽማግሌው ምን አጠፋ?»

ያሕያን ደጁ ላይ ባጃጁን ሲያጥብ አገኘነው። ጋሼ ሷሊሕ ሰላምታውን እንደጨረሱ፣ ተቀመጡ እስኪባሉ እንኳ አልጠበቁም።

«ያሕያ፣ አፉ በለኝ። በድዬሃለሁ። ራሕማንም በግትርነቴ ላጣት ነበር። ጣሪያህን አውሰኝ።»

ያሕያ ጨርቁን ቀስ ብሎ ጨመቀ። «አጎቴ፣ ይህን ቆርቆሮ ስመታ ምን ብለው ነበር?»

«ዓይን ይወጋል ብያለሁ።»

«አሁንስ?»

አንዲት ማለዘቢያ ቃል ብትወጣቸው ምን አለ!

«አሁንም ይወጋል» አሉ።

ያሕያ ሊቆጣ ነው ስል ሳቁ አመለጠው። ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገ፤ የአጎቱን ትከሻ ሳመ፤ መሰላል ሊያመጣ ሄደ።

ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ ሰቀልኩት፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን በዳገቱ ካብ ሥር ቀብረን እስከ አምባው አወጣነው። ትንሿ ፍሪጅ ገንቦው የነበረበት ጥግ ተቀመጠች። የአምባው ጣሪያ ዛሬም እንደነበረ ነው፤ ደንቡም እንደዚያው። ሶላር የሚፈልግ ሰው አሁን ወርዶ ያሕያን ያነጋግራል።

ከሰሞኑ ባትሪውን ልፈትሽ ማለዳ ሄጄ ነበር። ጋሼ ሷሊሕ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቆርቆሮው ሳይግል በፊት የያሕያ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። በእርጥብ ጨርቅ የፓኔሉን አቧራ ይወለውላሉ። በየጠዋቱ ነው አለኝ ያሕያ፤ እኔ ልጥረገው ቢላቸው «አንተ ጥግ ጥጉን ትተዋለህ» ብለው ከልክለውታል።

እትዬ ራሕማ ከላይ፣ ከአፈር ጣሪያቸው ላይ ሆነው ይጮኻሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ትወድቃለህ፤ ውረድ!»

ጋሼ ሷሊሕ ቀና እንኳ አላሉም።

«ቆይ አንቺ! መድኃኒትሽ አቧራ ይዞታል!»