የሙዝ እህት

ልጅ ሳለሁ፣ ወልቂጤ አጠገብ ባለው ሰፈራችን፣ ምሽት ላይ ምድጃውን ከበን የምንሰማው ተረት የእንሰት የዘር ሐረግ ነበር። ተራኪዋ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ትርፌ ናት። ጭስ ያጠቆረውን ምሰሶ ተደግፋ፣ ሙዝና እንሰት የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ትነግረን ነበር፤ አንዷ ቆላ ወርዳ ፍሬዋን አጣፈጠች፣ በዚያው ዘሯ ከፍሬዋ ውስጥ ጠፋ፤ ሌላዋ ደጋ ቀርታ ፍሬዋን ጠጠር በመሰለ ጥቁር ዘር ሞላች፣ ሀብቷን ግን ግንዷና ሥሯ ውስጥ ደበቀች። ቅጠል ልብስ ነው አትመኑት፣ ዝምድናን አበባና ፍሬ ከፍታችሁ እዩ ትለን ነበር። ከዚያም ስብራት የሚጠግነውን፣ ጓርየ የሚባለውን ዝርያ ጨምሮ የእንሰት ልጆችን በየተራ ታስቆጥረናለች። ስሳሳት ፍሙን እየጫረች ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች።

ያኔ ጣሊያን አገሩን ይዞ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ፣ መንገድ ዳር ያለው እንሰታችን ፍሬው የማይበላ ሐሰተኛ ሙዝ ስለሆነ ተነቅሎ እውነተኛው ይተከልበት ብሎ አዘዘ። ያ ጓሮ የዓመት ቀለባችን ነበር። አባቴ አንገቱን ደፋ። በአገራችን እንሰት የሚተክለው ወንድ ቢሆንም ግንዱን ፍቃ ምግቡን የምታወጣው ሴት ናት፤ ስትፍቅ ወንድ ቢያያት ነውር ነው፤ ስለዚህ አባቴ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

አክስቴ አስተርጓሚው ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሐሰተኛ አይደለችም በለው፣ የሙዝ እህት ናት። ቀለቧ የት እንዳለ አሁን ላሳየው፤ ያፈረ ወንድ ፊቱን ያዙር።»

ትልቁን እንሰት ጣለችና ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያዋ ትፍቀው ጀመር። አባቴ ዞረ። አስተርጓሚውም የአገር ልጅ ነውና ዞረ። ፈረንጁ ብቻ ቆሞ ያያል። ጭማቂው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተጠራቀመ፤ በማግስቱ ሹሙ ሲመለስ ውሃውን ደፍታ ከሥር የረጋውን ነጭ ቡላ በቅቤ አገንፍታ አቀረበችለት። በላ፣ አስደገመ፣ ጓሮውንም ተወልን። የሰፈሩ ሴቶች ወንድ ፊት ፋቀች እያሉ ወር ሙሉ አሟት፤ እኔ ግን ያኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ስማር፣ መምህራችን ሙዝንና እንሰትን በአንድ ቤተሰብ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አድርጎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ይህንንም በአበባቸውና በፍሬያቸው የለዩ የውጭ ሊቃውንትን ስም ዘረዘረ። እጄን አውጥቼ አንድ ሰው ቀርቷል አልሁት። ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የአክስቴን ስም ከነአባቷ ጠራሁ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት።