የጨርቁ ጀርባ

እኔ ሜክሲኮን የማውቃት በታክሲ ግፊያዋ ነው። አዲስ አበባ ያለችውን አደባባይ ማለቴ ነው። ሌላዋን፣ አገሯን፣ በካርታ እንኳ ፈልጌያት አላውቅም ነበር። ሆኖም ጄኔቭ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሜክሲኳዊት ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ያውም ተራ ሜክሲኳዊት ሳይሆን ኦቶሚ የሚባለው የጥንት ሕዝብ ልጅ ሆኜ። የተማሩ ሰዎች ፎቶ አንስተውኛል።

ነገሩ የመጣው በደብዳቤ ነው። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት አንዷ ነኝ። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ውስጥ ቢሮ እያጸዳሁ ስድስት ዓመት ስኖር በእጄ የነበረው ኤፍ አውስቫይስ ነበር፤ ለጊዜው ተቀመጪ፣ ግን አትመቻቺ የሚል ፈቃድ ነው። ወደ ተሻለው፣ ወደ ቤ፣ ለመቀየር ከአገሩ ኑሮ ጋር መዋሃዴን ማስመስከር ነበረብኝ። ጀርመንኛዬን ተፈትኛለሁ፤ ስለ ሥራዬም አለቃዬ ጽፎልኛል። የጎደለኝ በባህል ሕይወት መሳተፌን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። በቀን ሦስት ፎቅ የምታጸዳ ሴት በየትኛው ሰዓቷ በባህል እንደምትሳተፍ የጠየቀኝ የለም። ያለ ደብዳቤው ማመልከቻዬ እንደማያልፍ ግን አማካሪዬ በግልጽ ነግራኛለች።

የደረሱልኝ ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ የሚኖሩ አንድ የአገሬ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ጄኔቭ ውስጥ የአንድ የባህል ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ማኅበሩ በየዓመቱ የአንድ ሕዝብ ባህል እያስመጣ ያሳያል፤ በዚያ ዓመት ተራው የኦቶሚዎች ነበር።

«ስሚ» አሉኝ በስልክ፤ «ከሜክሲኮ የጠራናት እንግዳችን ቪዛ ተከለከለች። ኤግዚቢሽኑ ደግሞ ሐሙስ ነው። ኮርዲኔተሯ ፓኒክ አድርጋለች። ጥልፍ ትችያለሽ አይደል?»

«የቀሚስ ጥልፍ እችላለሁ፤ ግን የእነሱን...»

«በቃ! መልክሽም ይሄዳል።»

«እትዬ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አንቺ ደግሞ! ጠይም ነሽ፤ ጸጉርሽን ሁለት ቦታ ትጎነጎኚና ዝም ትያለሽ። ደብዳቤሽን እኔ እጽፈዋለሁ፣ ኮርዲኔተሯ ትፈርማለች።»

እንግዳዋ ሴት ለምን እንደተከለከለች ጠየቅኳቸው። ወደ አገሯ ትመለሳለች ተብሎ ስላልታመነ ነው አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተመለስኩት እኔ በእሷ ወንበር ልቀመጥ ነው ማለት ነው። እኔ ሳቅሁ፤ እትዬ አልሳቁም።

ኮርዲኔተሯ ስትናገር እጇን ደረቷ ላይ የምታሳርፍ፣ ጽድት ያለች የጄኔቭ ሴት ናት። ማንንም እያታለልን አይደለም ብላ በጀርመንኛ ጀመረች፤ እያታለልን መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የተጠለፈ ሸሚዝ አለበሰችኝና እንዳጠናው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሰጠችኝ። ኦቶሚዎች በሚኖሩበት ተራራ ራሳቸውን ኙሁ ብለው እንደሚጠሩ ከዚያ አነበብኩ። የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ ልጥ ይቀቅሉና በድንጋይ እየቀጠቀጡ ወረቀት ያደርጉታል። አዋቂው ከወረቀቱ የዘር መንፈስ ይቆርጣል፤ የበቆሎውን፣ የአደንጓሬውን፣ የቃሪያውን፤ እጆቹን ወደ ላይ ያነሣ ትንሽ ሰው ነው። አዝመራው እንዳይከዳቸው ምግብ ያቀርቡለታል። ከእነዚህ ወረቀቶች አምስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። አድሊስቪል የምሰበሰብበት የጴንጤ ጉባኤ ይህን ቢሰማ ሳምንት ሙሉ እጅ ይጭንብኝ ነበር። እኔ ግን ከመንፈሶቹ ይልቅ የፈራሁት ጎብኚዎቹን ነው።

ልቤን የወሰደው ጨርቁ ነው። ሴትየዋ ገና ቪዛዋን ስትጠብቅ አስቀድማ በፖስታ የላከችው ነው። አልጋ የሚያለብስ አቡጀዲ ነው፤ ላዩ ላይ ቀይ አጋዘን፣ ሰማያዊ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ወፍ፣ ስሙን የማላውቀው ጥሩር የለበሰ እንስሳ፣ አንዱ ከሌላው ጅራት ሥር እየበቀለ ሞልቶታል። ንድፉን ያለ ማስመሪያ በእጃቸው ይስሉታል፤ ከዚያ በክር ይሞሉታል። በስተቀኝ የታችኛው ማዕዘን ብቻ ባዶ ነበር፤ ንድፍም አልተሳለበትም።

ኮርዲኔተሯ መርፌና ክር ሰጠችኝና ስትሠሪ ብትታዪ ጥሩ ነው አለች። ምን ልሥራ? እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የእጅ ሥራ መምህራችን ጣታችንን በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችን የቀሚስ መስቀል። ባዶው ማዕዘን ላይ ጀመርኩና በሦስት ቀን ከነሐረጉ ጨረስኩት። አልዋሽም፣ አምሮ ነበር። ኮርቼበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አንድ ፕሮፌሰር መጡ። መስቀሌን ጎንበስ ብለው አዩና ማስታወሻ ደብተር አወጡ። የስፔን ሚሲዮኖች ተጽዕኖ ነው አሉ፤ እትዬ ተረጎሙልኝ። ሐረጉ ደግሞ ሚሲዮኖቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ የእባብ አምልኮ ርዝራዥ ነው አሉ። ኮርዲኔተሯ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። እኔም ደብዳቤዬን እያሰብኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

በመጨረሻው ቀን፣ ከመዝጊያው በፊት፣ ሴትየዋን በኢንተርኔት አገኟትና ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆና ታየች። በእኔ ዕድሜ ያለች ናት፤ ከኋላዋ ዶሮዎች ይመላለሳሉ። ኮርዲኔተሯ ስፓኒሹን ለታዳሚው ወደ ፈረንሳይኛ ትመልሳለች፤ እትዬ ደግሞ ጥግ ለቆምኩት ለእኔ በአማርኛ ያንሾካሹካሉ። ጨርቄን አሳዩኝ አለች። ሁለት ሰዎች ዳርና ዳር ይዘው አነሡላት። ፊቷን አስጠግታ አየችው።

«ገልብጡት» አለች።

ሁለቱ ገጽ ያልነገረኝ ነገር ይሄ ነበር። የእነሱ ስፌት ክር አያባክንም። ቀለሙ ሁሉ ፊት ላይ ይቀራል፤ ከጀርባ የሚታየው የንድፉን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት ጥልፍ ከፊትም ከኋላም ክሩ ሙሉ ነው። ጨርቁ ሲገለበጥ ያ ሁሉ እንስሳ የጉንዳን መንገድ ሆነ፤ መስቀሌ ግን ማዕዘኑ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ቀረ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አለች ሴትየዋ።

ኮርዲኔተሯ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አለች። አልተቆራረጠም። እትዬ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«ዝም በይ፣ ፕሊስ! ደብዳቤሽ ተፈርሞ ቢሮ ተቀምጧል።»

አልደብቅም፣ ዝም ብዬ ነበር። ሴትየዋ እንደገና ተናገረች፤ እትዬ ሲተረጉሙ ድምጻቸው ወረደ።

«ማዕዘኑን ባዶ የተውኩት እዚያ መጥቼ፣ እናንተ እያያችሁኝ ልጨርሰው ነው። ቪዛውን ቢከለክሉኝም እንደገና እጠይቃለሁ፤ ቦታዬ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። በሁለት ጉንጉኔ፣ በዚያ ሸሚዝ፣ ሄጄ ካሜራው ፊት ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ፤ ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም። «ኢትዮጵያዊት ነኝ። አትመለስም ብለው አንቺን ከለከሉሽ፤ ያልተመለስኩትን እኔን በቦታሽ አስቀመጡኝ።»

እትዬ ወደ ፈረንሳይኛ መለሱት፤ ይህን ውለታቸውን አልረሳውም። ኮርዲኔተሯ ግን ወደ ስፓኒሽ አላሻገረችውም። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ሆና መልስ ትጠብቃለች።

ከጠረጴዛዬ ላይ መቀስ አነሣሁ። ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግቼ መስቀሌን መተርተር ጀመርኩ። ኮርዲኔተሯ ምን እያደረግሽ ነው አለች፣ ቀጥላ ጮኸች፣ ቀጥላ ወጣች። ፕሮፌሰሩም ደብተራቸውን ዘግተው ተከተሏት። የሦስት ቀን ሥራ ለመፍታት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው አየችኝ። ስጨርስ ማዕዘኑን ወደ ካሜራው አስጠግቼ አሳየኋት፤ ከመርፌዬ ቀዳዳዎች በቀር ባዶ ነበር። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ደብዳቤው አልተሰጠኝም። ማመልከቻዬን ያለ እሱ አስገባሁ፤ መልሱም በአራተኛው ወር አልትሽቴተን ድረስ መጣልኝ። ተከልክያለሁ። ምክንያቱንም ጽፈውታል፤ በባህል ሕይወት መሳተፌ አልተረጋገጠም።